ግሪሳ ያባረረው ዋሽንት

ሰላሁዲን ቆቦ ገበያ ዳር ሞባይል ይጠግናል። ስልክ ረጥቦም ሆነ በሬ ረግጦት ቢመጣለት ከሞት የሚያስነሳ እጅ አለው፤ ዋሽንት መንፋት ግን ሞክሮ አልሆነለትም። አባቱ የዋጃንና የጎብዬን ሰርግ ሁሉ በዋሽንት ያደመቁ ሰው ነበሩ። የሞባይል ጠጋኝ አባት ሆነው ሳሉ፣ ሲሞቱ ዋሽንታቸውን የቀዳ አንድ ስልክ እንኳ አልተገኘም። ይህ ነገር ሰላሁዲንን እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። እህቱ ነሲባ ከአዝመራው በኋላ ልትዳር ቀን ሲቆረጥላት፣ በሰርግሽ አባባን አስነፋልሻለሁ ብሎ ቃል ገባ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በአሮጌ ላፕቶፑ ላይ ድምፅ ከባዶ የሚፈጥር ሲንተሳይዘር የሚባል ፕሮግራም ጫነ። ሲከፍተው መዘውር በመዘውር ነው፤ አንዱ የድምፁን አነሳስ፣ አንዱ አከሳሰሙን፣ አንዱ መንቀጥቀጡን ያዛል። የቀሩት ምን እንደሚያዙ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ኡሙሃኒ ግን ሌላ ጭንቅ ነበረባቸው። ማሽላው እሸት ይዟል፣ ግሪሳ ወፍ ደግሞ እንደ ደመና እየመጣ አንድ ማሳ በአንድ ረፋድ ያራግፋል። ማሽላ ከሌለ ድግስ የለም፤ ድግስ ከሌለ ሰርጉም ይቀራል። የአንተ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል፣ ይልቅ ሂድና ወፍ ጠብቅ አሉት። እሱም ሱቁን ዘጋና ከነላፕቶፑ፣ ከነሶላሩና ከነሞንታርቦው ማሳው መሀል ያለው ማማ ላይ ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ወፍ ሲጠብቅ እሱ ሞንታርቦ መስቀሉ አገሩን አሳቀ።

ዋሽንት ብሎ የሠራው የመጀመሪያው ድምፅ፣ አጥንት የተሰነቀረባት ግመል ጩኸት ነበር። ግሪሳው ባንዴ ብድግ ብሎ ጠፋ። የጎረቤት አህያም ችካሏን ነቅላ ተከተለችው። ሰላሁዲን በኀፍረት ሊሞት ደረሰ፤ ገበሬው ግን ጅራፉን ጥሎ ጥላ ሥር ተጋደመ። ችግሩ የመጣው ሰላሁዲን መዘውሩን እየለመደ ሲሄድ ነው። ድምፁ ለስለስ ባለ ቁጥር ወፉ ይደፍር፣ ይመለስም ጀመር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ሽማግሌ ተላከበት። ጎረቤቶቹ ጋሽ አያሌውና ሸህ መንሱር ማማው ሥር መጥተው ቆሙ። ሰላሁዲን ወርዶ ተቀመጡ ቢላቸው፣ ልጅ ሊጠይቅ እንደመጣ ሽማግሌ፣ እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉ።

ጋሽ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጃችን፣ እስካሁን የተማርኸው ይበቃሃል። ከዚህ በላይ እንዳትማር ልንለምንህ ነው የመጣነው» አሉት።

ሸህ መንሱር ደግሞ አብሽር፣ አላህ ጥበቡን ከአጨዳ በኋላ ይጨምርልሃል ብለው ዱዓ አደረጉለት። ሽማግሌ ቆሞ ማየት የከበደው ሰላሁዲን እሺ አለ። እነሱም ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ክፉውን ድምፅ ለአገር እየለቀቀ፣ ወፉ ራቅ ሲል በጆሮ ማዳመጫ በድብቅ ይማር ነበር። የሚወጣው ዋሽንት ጠርቶ አማረ፤ ግን የማንም ዋሽንት ነበር እንጂ የአባቱ አልነበረም። ተስፋ ቆርጦ ሳለ አንድ ረፋድ የአባቱ የፊት ጥርስ ትዝ አለው። ወልቆ ነበር፤ ሲነፉ ትንፋሻቸው በዚያ ክፍተት ሽው እያለ ያመልጥ ነበር። እሱ ግን ያንን ሽውታ እንደ ጉድለት ቆጥሮ፣ ማጣሪያ በሚባለው መዘውር ሲጠርገው ከርሟል። መዘውሩን ቀስ ብሎ መለሰው። የሰማውን ሲሰማ ለሽማግሌ የገባውን ቃል ረሳና ማዳመጫውን ነቀለው።

አባቱ በሞንታርቦ ነፉ። ግሪሳውም መጥቶ ማሽላው ላይ ሰፈረ፣ ተረጋግቶም ይለቅም ጀመር። ገበሬው የጣለውን ጅራፍ ፍለጋ ተሯሯጠ። ወይዘሮ ኡሙሃኒ ምሳ ይዘውለት እየመጡ ነበር፤ ማማው ሥር ሲደርሱ ሰሀኑን መሬት አስቀምጠው አዳመጡ። አጠገባቸው ያለውን ዛላ ወፍ ሲለቅመው እንኳ እጃቸውን አላነሱም። ሰላሁዲን ከላይ ሆኖ እንባቸውን አየና እሱም አለቀሰ። እሳቸው በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠርገው ቀና አሉ።

«እሱ ነው፤ አባትህ ነው» አሉት። «በል አሁን አበላሸው ልጄ፣ ወፎቹ ጨረሱን።»