ቤንዚንና የገላ ሳሙና

ባለፈው ሳምንት ከጂንካ መውጫ ላይ ባለው ማደያ ባሌ ነዳጅ ሲያስሞላ፣ እኔ እጄን ታጥቤ ስመለስ፣ የቤንዚኑና የሳሙናው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ተገናኙና ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ለሌላው ሰው ሁለቱ የማይስማሙ ሽታዎች ናቸው። ለእኔ ግን የአባቴን ጂፕ፣ የእናቴን ቅናትና ወደ ቱርሚ የሄድንባትን ያቺን ቀን አንድ ላይ ይዘውብኝ ይመጣሉ።

አባቴ በደርግ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የሚነዳት ጂፕ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ በሯ በገመድ የሚታሰር፣ የነዳጅ መለኪያዋ ቀስት ከተኛበት የማይነሳ አሮጊት ስለነበረች፣ ቀጭን እንጨት በጋኗ አፍ አስገብቶ እስከ የት እንደረጠበ እያየ ነበር ቤንዚኗን የሚለካው። በየሳምንቱ ቱርሚ ደርሶ ሲመለስ ልብሱም፣ ጸጉሩም፣ ይዞልን የሚመጣው ማር እንኳ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር። ዝም አይነቅዝም ብሎ የሚያምን፣ ሲሰድቡትም ሲያመሰግኑትም መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር።

እናቴ ከጎፋ ተድራ የመጣች፣ ጸሎት ቤት ስትዘምር ድምፅዋ ከሁሉ በላይ የሚሰማ፣ ሳቋ ጎረቤት የሚጠራ ሴት ነበረች፤ ግን ቀናተኛ ነበረች። ቅናቷ ሰው አይመርጥም፣ ከሰው ሲያጣም በጂፗ ላይ ያርፍ ነበር። «እኔ ሳስል አትሰማም፣ እሷ ስታስል ምግብህን ትተህ ትሮጣለህ» ትለው ነበር። አባቴም እንጀራውን ጠቅልሎ እየጎረሰ ኮፈኑን ሊከፍት ይወጣ ነበር።

አንድ ዓመት የመጋቢት ዝናብ ሲገባ ነዳጁ መጉደል ጀመረ። ቱርሚ አድርሶ ይመልሰው የነበረው ሙሉ ጋን መንገድ ላይ እያለቀ፣ አባቴ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የሚያልፈውን ጭነት መኪና ሁሉ ቤንዚን ሲለምን ይውል ነበር። መካኒኩ ከጂፗ ሥር ተኝቶ ቢፈትሽ ምንም አላገኘም። አባቴ ግቢያችን ውስጥ አቁሟት ከሥሯ ካርቶን ሲያነጥፍ፣ ቆይቶ ሲያነሳውም እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ካርቶኑ እንደደረቀ ነበር።

ዝናቡ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ጥርጣሬው ሁለት ሆነ። መሥሪያ ቤቱ አባቴ ቤንዚን ይሸጣል ብሎ ጠረጠረ፤ ያኔ ነዳጅ በኩፖን ስለነበር የመንግሥትን ቤንዚን የሸጠ ሰው ሥራውን ብቻ አጥቶ አይቀርም፣ ወህኒ ይወርዳል። እናቴ ግን ሌላ ነገር አሰበች። ቱርሚ ውስጥ አባቴ የሚያርፍበት ሆቴል ባለቤት አስካለ የምትባል ሴት ነበረች፤ እናቴ አንድ ቀን እንኳ ሳታያት ውኃዋንም፣ እንጨቷንም፣ ራሷንም በጂፗ የሚያመላልስላት አባቴ እንደሆነ በልቧ ጨርሳ ነበር። የልብስ ሳጥኗን ከጓዳ አውጥታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችና «እህሉ ይሰብሰብ እንጂ ልጄን ይዤ ጎፋ ወንድሜ ዘንድ እገባለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ በገባን በወጣን ቁጥር ሳጥኑን መሻገር ነበረብን።

ቅናቷ ወደ እኔም ተጋባ። ወደ አልዱባ ገበያ ሲሄድ አንዳንዴ አባቴ ከፊት ወንበር ያስቀምጠኝ ነበር፤ ያ ወንበር የእኔ ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ግን ቱርሚ ውስጥ ሌላ ልጅ አለች፣ የእኔ ቦታ ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ንፋስ ትይዛለች ብዬ አሰብኩ። ያቺን ያላየኋትን ልጅ እንዴት እጠላት ነበር!

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣና በረንዳው ላይ እንደቆመ «ጓድ ደምሴ፣ ቤንዚኑን የት እንዳደረስከው ተናገር፤ አለበለዚያ ጉዳዩን ለፖሊስ አስተላልፋለሁ» አለ። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። እናቴ ልብስ ከምታጥብበት ተነስታ፣ እጇ ውኃ እያንጠባጠበ መጣች።

«ጓድ ኃላፊ፣ ባሌን ሌባ እንዳይሉብኝ! እሱ የሰው ሊወስድ ቀርቶ የራሱንም ጠይቆ አያውቅም። ቱርሚ ውሽማ አለችው፤ ቤንዚኑን የጨረሰችው እሷ ናት!»

አባቴ በሌብነት ሲከሰስ ያላነሳውን ራሱን ያን ጊዜ ቀና አደረገ። ኃላፊው ሳቁን ለመደበቅ እየሳለ፣ «እንግዲያው ነገ ጋኑ አፉ ድረስ ይሞላ። እርስዎም አብረው ይሂዱና ማን እንደጨረሰው አይተው ይንገሩኝ» አለ።

በማግሥቱ እናቴ ጸጉሯን ተሠርታ፣ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ፣ አዲስ ሻሽ አስራ ወጣች፤ ሠርግ የምትሄድ እንጂ ባሏን ልትሰልል የምትሄድ አትመስልም ነበር። ከፊት ወንበር ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ጀሪካን አቅፌ የሻሿን ቋጠሮ እያየሁ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቴ ቀናሁ።

የካኮን ከተማ አልፈን ረጅሙን ዳገት ስንያያዘው እናቴ ድንገት «አቁም!» አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ሸተተኝ።»

«መኪና ቤንዚን ካልሸተተ ምን ይሽተት?»

«ሜዳው ላይ እንዲህ አልሸተተኝም። አቁም አልኩህ እኮ!»

የአባቴን ሸሚዝ ስንት ጊዜ ያሸተተ አፍንጫ ስለሆነ አልተከራከራትም። እናቴ ወርዳ በፋሲካ ቀሚሷ ከኋላው ጎማ አጠገብ ተንበረከከችና አዲሱን ሻሽ ፈትታ የጋኑን አቧራ ስትጠርግ፣ ከላይ በኩል ሁለቱ ቆርቆሮዎች ከተበየዱበት ቦታ ቤንዚን እየተንቆረቆረ ሲወርድ አየነው። አባቴ መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። ጋኑ ሞልቶ ጂፗ ዳገት ስትወጣ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይተኛና በስንጥቁ ይወጣል፤ የፈሰሰውን ፀሐይና ንፋስ ያደርቁታል፤ ጂንካ ስትደርስ ጋኑ ጎድሎ፣ ቤንዚኑም ከስንጥቁ በታች ወርዶ ስለሚሆን ካርቶኑ ላይ ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። «ሌባም አይደለሁም፣ ሌላም አይደለሁም» አለ አባቴ፣ እየሳቀ፤ ከዚያም በደስታ ብዛት ሳያስበው «አሁን እንግዲህ ሳሙና ብቻ ነው የሚያስፈልገን፣ ሳሙና ይደፍነዋል» አለና አፉን ያዘ።

«ታዲያ ካለህ አምጣዋ» አለች እናቴ።

ከወንበሩ ሥር አበባ በተሣለበት ወረቀት የተጠቀለለ የገላ ሳሙና አወጣ። ቀበሌ ሱቅ ሳሙና ካየን ወራት አልፎን ነበር፤ እኛ ልብስ የምናጥበው በእንዶድ ነበር።

«ለማን ነው?»

«ላንቺ ነው እንጂ ለማን ይሆናል» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከጎማው ሳያነሳ።

እናቴ ወረቀቱን ገልጣ ረጅም ጊዜ አሸተተችው። «የእኔ ከሆነማ የፈለግሁትን አደርግበታለሁ» አለችና ቆርሳ፣ በውኃ አሽታ ስንጥቁ ላይ ደፈነችው። ቤንዚኑ ወዲያው ቆመ። እሷ ግን አልቆመችም፤ የቀረውንም እያሸች ጋኑን ከዳር እስከ ዳር ቀባችው፣ አንዲት ቁራጭ እስክትጠፋ። አባቴ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። «በቃ ተገኘ፣ እንመለስና ለኃላፊው እናሳይ» ሲላት ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀምጣ፣ «ወደ ቱርሚ ንዳ» አለችው።

አስካለ ከሆቴሏ ስትወጣ ረጅም፣ ደንዳና፣ ከእናቴ ዕድሜ የማትርቅ ሴት ነበረች። እኔ ልጅቱን ፈለግሁ፤ ከፍየል በቀር ማንም አልነበረም። እናቴን ስማ አስገባችንና ወደ አባቴ ዞራ «ሳሙናዬስ? አመጣህልኝ?» አለችው።

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። በዚያ መንገድ ሾፌር የሁሉ ሰው መልእክተኛ ነበር፤ ጨውም፣ መድኃኒትም፣ የባትሪ ድንጋይም ይታዘዛል። ዳገቱ ላይ «የአስካለ አደራ ነው» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ላንቺ ነው አለ፤ በፍርሃት ይሁን በሌላ፣ ዛሬም አላውቅም።

«እህቴ» አለች እናቴ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል እጇን እያሳየቻት፣ «ሳሙናሽን መኪናዋ በላችብሽ።» ከዚያም የቀረበላትን በላች።

ኃላፊው ስንጥቁን አይቶ ክሱን ተወው። የጥቅምት ዝናብ ሲገባ ቀበሌ ሱቅ ሳሙና መጣ፤ እናቴ ተሰልፋ ያገኘችውን ለአባቴ አስይዛው «ለአስካለ ስጣት፤ ከእኔ ነው በላት» አለችው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ባዶ እጁን ቱርሚ ሄዶ አያውቅም፤ ሙዝም ሆነ ቅቤ እናቴ ራሷ ትልክ ስለነበር ከራሱ የሚወስደው ነገር አልቀረለትም። አስካለም ማር ትልክላት ጀመር። የልብስ ሳጥኑ አንድ ቀን ጓዳ ተመልሶ አገኘሁት። ጂፗ ግን በሞቀች ቁጥር አበባና ቤንዚን ትሸት ነበር።

አባቴ ካረፈ በኋላ «እማዬ፣ ግን በመካከላቸው ነገር ነበር?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ያኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አንቺ ያደግሽው ጎፋ ነበር» አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው። የባሌ መኪና ምንም አይሸትም፤ ነዳጁ ምን ያህል እንደቀረ ከመሪው ፊት በቁጥር ይታያል። ማደያው ላይ እጄን እያሸተትኩ ወደ ወንበሬ ስመለስ የባሌ ስልክ በራ፤ አነሳና አየው፣ ከዚያም ፊቱን ወደ ታች ገልብጦ አስቀመጠው። «ማነው?» አላልኩትም። እናቴ ለአስካለ እንዳደረገችው እኔም የሆነ ነገር ልልክላት አሰብኩ፤ ግን የሴትዮዋን ስም እንኳ አላውቀውም።