ጉድጓድ ያለው ካሴት

ስለ አንድ አሮጌ ካሴት መጻፍ ተገቢ መሆኑን ደጋግሜ ተጠራጥሬአለሁ። አብረውኝ ከሚማሩት መካከል ጎርፍ ቤታቸውን የወሰደባቸው፣ ረጅም መንገድ በእግራቸው እየተመላለሱ የተማሩ አሉ። የእኔ ታሪክ ከቁርስ ቤት መደርደሪያ ተነሥቶ እዚያው መደርደሪያ ላይ ያልቃል። ቢሆንም በልጅነቴ የምወደው አልበም የቱ እንደነበር ሰው ሲጠይቀኝ በአንድ ቃል መመለስ አልችልም፤ ስለዚህ እንደሆነው ልጻፈው።

እናቴ ከወሎ መጥታ አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ፣ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ ፊት ለፊት ቁርስ ቤት ከፈተች። ፉልና ሻይ ነው የምንሸጠው። ከሻይ ማፍያው በላይ የካሴት መደርደሪያ ነበረ። ደንቡን ያወጡት ሹፌሮቹ ናቸው። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሹፌር የሰለቸውን ካሴት ያስቀምጥና ከተደረደሩት መካከል የወደደውን አንሥቶ ይሄዳል። ክፍያ የለውም፤ ቤቱም "ይህን አልሰጥም" ማለት አይችልም። በዚያን ጊዜ ፍላሽ የመጣ ቢሆንም በአሮጌዎቹ መኪኖች ጋቢና ውስጥ ገና ካሴት ነበር የሚጫወተው። ረመዳን ሲገባ እናቴ መደርደሪያውን በሻሽ ትሸፍነዋለች፤ እስከ ዒድ ድረስ መንዙማ ብቻ ይሰማል።

በዚያ መደርደሪያ ካለፉት አልበሞች ሁሉ የእኔ ነው የምለው የአንዲት ድምፃዊት ነበር። ሽፋኑ ከፀሐይ ብዛት ስለነጣ ፊቷ አይለይም። ወደ እኛ ያመጣው ሹፌር ጅቡቲ ድንበር አጠገብ ዲቾቶ ላይ ተራ ሲጠብቅ ከመስታወቱ ሥር ረስቶት ሙቀቱ ክሩን ስቦታል። በዚህም ምክንያት አራተኛው ዘፈን መሃል ላይ ድምጿ ጉድጓድ እንደገባ መኪና ዝቅ ይልና ትንሽ ተንገዳግዶ ይወጣል። እናቴ ሥራ ላይ ዝምተኛ ናት። ይህ አልበም ሲከፈት ግን ማንጎራጎር ትጀምራለች። አራተኛው ዘፈን ላይ ከድምፃዊቷ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ትወርዳለች፣ አብራትም ትወጣለች።

እኔ ዘፈኑ ሲሠራም እንዲያ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ሳንጎራጉረው ጓደኛዬ ትክክለኛውን ከስልክ አሰማችኝና ልጆቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ቤት ገብቼ የስልኩ ዘፈን አንድ ነገር እንደሚጎድለው ለእናቴ ነገርኳት። እሷም እውነቴን እንደሆነ አረጋገጠችልኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሹፌር ሌላ ካሴት አስቀመጠና ያንን አነሣ። ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ ሌላ እንዲመርጥ ንገሪው ብዬ ለመንኳት።

"የጠላነውን እየሰጠን የወደድነውን ልንደብቅ ነው?" አለችኝ። "ደንብ ደንብ ነው።"

መኪናው ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ስታንጎራጉር አልሰማኋትም። ሹፌሩ ትቶት የሄደው አልበም ሲከፈት ጆሮዬን ይዤ ወደ ጓሮ እወጣ ነበር፤ በመጨረሻ ከሌሎቹ ኋላ ገፋሁት፤ እዚያው ተረስቶ ቀረ። ካሴቷን ግን እንደምመልስላት ለራሴ ቃል ገባሁ።

ቁርስ ሊበላ የገባውን ሹፌር ሁሉ ስለ ካሴቱ እጠይቅ ጀመር። አንዱ ሚሌ ላይ ሲጫወት እንደሰማው ነገረኝ። ሌላው ካሴቱን የወሰደው ሹፌር መኪናው ተሽጦ መስመር መቀየሩን አወራልኝ። ስምም ወጣልኝ።

"ፖሊሷ፣ ዛሬስ ፍተሻ የለም?" ይላል አንዱ ገና ከበር። "መጀመሪያ ሻይ ስጪኝ፤ በባዶ ሆዴ ቃሌን አልሰጥም።"

አብሬ እስቃለሁ፤ ጋቢናው ውስጥ ምን እንዳለ ሳልሰማ ግን አልለቀውም። እያደር ሹፌሮቹ ሁሉ ወደ ፍላሽ ዞሩ፤ መደርደሪያው አቧራ ለበሰ። ለትምህርት ሰመራ ስመደብ ጓደኞቼ ለሙቀቱ አዘኑልኝ። እኔ ግን ያሰብኩት አውቶቡሱ በሚሌ በኩል እንደሚያልፍ ነበር።

ሰመራ በገባሁ በመጀመሪያው መንፈቅ የቀሚሴ እጅጌ ተተረተረና ልብስ ሰፊ ፍለጋ ወጣሁ። በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ የጋቢና ወንበር ልብስ ይሰፋሉ። ከስፌት ማሽናቸው አጠገብ ቴፕ ተከፍቷል። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ድምፃዊቷ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች።

"አባባ፣ ይህን ካሴት ከየት አገኙት?" አልኳቸው።

"ልታሰፊ ነው የመጣሽው ወይስ ልትመረምሪኝ?"

ሚሌ ይሠሩ በነበረ ጊዜ አንድ ሹፌር ፍላሽ ሲያስገጥም ትቶላቸው መሄዱን ነገሩኝ። እንዲሸጡልኝ ስጠይቃቸው፣ ያለ እሱ ስፌታቸው እንደሚጣመም ነግረው እንቢ አሉኝ። ያኔ ስለ እናቴ ድምፅና ስለ መደርደሪያው ደንብ አንድ ሳላስቀር አወራኋቸው። ማሽኑን አቁመው አዳመጡኝ።

"ደንቡ የሹፌር ነው። ለልብስ ሰፊ መቼ ወጣ?"

"ዛሬ እናውጣለት" አልኩ።

ሳቁ፤ በዚያው ተስማማን። እኔ መደርደሪያው ላይ የቀረውን ሁሉ አመጣለሁ፤ የሚወዱት ከተገኘ ይለውጡኛል፣ ካልተገኘ ሁለተኛ አልጠይቃቸውም። እናቴ ጋ ደውዬ ካሴቶቹን በሙሉ እንድትልክልኝ ነገርኳት። ምክንያቱን አልገለጽኩላትም፤ ባይሳካ ሁለት ጊዜ እንድታጣው አልፈለግሁም። እሷም በብስኩት ካርቶን አሽጋ በሹፌር እጅ ላከችልኝ።

ከክፍል ስወጣ ወደ ልብስ ሰፊው እየሄድኩ እሳቸው እየሰፉ አብረን እናዳምጥ ጀመር። አንዱ ጩኸት በዛበት፤ ሌላው እንቅልፍ ያመጣል፤ ስለ አንዱማ ዘፋኙ ራሱም ሳይሰለቸው አይቀርም አሉ። በመጨረሻ ካርቶኑ ውስጥ የቀረው ያ የጠላሁት አልበም ብቻ ሆነ።

እሱ ሲጀምር እግራቸው ማሽኑ ላይ ቆመ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። አንድ ሰው በክራር ብቻ፣ ጎኑ ለተቀመጠ ወዳጁ እንደሚያወራ ቀስ ብሎ ይዘፍናል። ወደ ጓሮ እየወጣሁ ስሸሸው የኖርኩት ይህን ነበር። ገልብጠን ሌላውንም ፊት እስከ መጨረሻው አደመጥነው።

"ይሄን ተዪልኝ" አሉ። "የት ደብቃችሁት ነው?"

ሌላ እንዲመርጡ ልለምናቸው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የእናቴ መልስ ትዝ አለኝ።

"የእርስዎ ነው፣ አባባ" አልኳቸው።

ለዕረፍት አዋሽ የደረስኩ ዕለት ምንም ሳልናገር ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። እናቴ ሻይ እየቀዳች ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር እጇ ቆመ፤ ወደ እኔ አላየችም፤ መልሳ መቅዳቷን ቀጠለች። ሁለተኛውና ሦስተኛው በዝምታ አለፉ። አራተኛው ላይ፣ ድምፃዊቷ ዝቅ ስትል፣ እናቴም አብራ ወረደች።

ፉል ይበላ የነበረ አንድ ወጣት ሹፌር ቀና አለ።

"ማዘር፣ ካሴቱ ተበላሽቷል።"

"አልተበላሸም" አለችው፤ "መንገዱ እንዲህ ነው።" ከዚያም ከጉድጓዱ ወጥታ እስከ መጨረሻው አንጎራጎረች።

አልበሙ ሲያልቅ ካሴቱን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ መደርደሪያው ላይ፣ ማንም እጁን ዘርግቶ ሊያነሣው በሚችልበት ቦታ አቆመችው። በዚህ ጊዜ ደብቂው ብዬ አልለመንኳትም። የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።