በካርቶን መስኮት የታየ ኖታ

የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ከጀርባቸው «እትዬ ኖታ» ይሏቸዋል። ፊት ለፊት ግን «መምህር» ነው፤ ያውም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። ሴትዮዋ ቁጡ ናቸው። በር ሲንጓጓ ይቆጣሉ፣ ቫዮሊን ወንበር ላይ ሲጣል ይቆጣሉ፣ ዝናብ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ ዝናቡን ይቆጣሉ። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ «ስንቱን ቁልቁለት በፍሬን ወርጄዋለሁ፤ ያንቺን ፍሬን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም» ይሏቸዋል። እሳቸው በዚህም ይቆጣሉ።

የሚያስተምሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኖታ አይቶ ሙዚቃውን ማወቅ። ከአንድ ትልቅ ሥራ መሀል ሁለት መስመር ተቆርጦ ይቀርባል። ምንም ድምፅ የለም። ተማሪው የማን ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው ሥራ እንደሆነና ከየትኛው ክፍሉ እንደተወሰደ መናገር አለበት። መሣሪያቸው ደግሞ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ፣ መሀሉ ላይ ትንሽ መስኮት ያለው ገበታ ነው። ካርቶኑን ገጹ ላይ ሲያስቀምጡት ርእሱም፣ የአቀናባሪው ስምም፣ የገጹ ቁጥርም ይሸፈንና በመስኮቷ በኩል ሁለት መስመር ብቻ ይቀራል። ተማሪው ያጎነብሳል፣ ያያል፣ ይመልሳል።

ይህ ነገር ለምን እንደሚጠቅም የጠየቃቸው ሰው ዕዳው ነው። «መብራት ይጠፋል፣ መሣሪያ ይሰበራል፣ ሰው ብቻውን ይቀራል» ይላሉ። «አንብቦ የሚሰማ ሰው ግን ሙዚቃ አያጣም። የማያነብ ሙዚቀኛ የሌላ ሰው ጆሮ ተውሶ የሚኖር ነው።»

ኖታዎቹ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በእርዳታ የመጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ወረቀት አልተጨመረም። እትዬ ኖታ አዲስ እንዲገዛ ያልለመኑት ዳይሬክተር የለም፤ ሁሉም «በሚቀጥለው በጀት» እያለ ሸኝቷቸዋል። የአሁኑ ዳይሬክተር ሲሾም ግን ተስፋ አድርገው ነበር። የገዛ ተማሪያቸው ነው። በካርቶኑ ፊት አንድም ቀን ተሳስቶ የማያውቅ፣ ገና ከማጎንበሱ የሚመልስ ልጅ ነበር። ለመጣው ተማሪ ሁሉ «እሱን ብታዩት» እያሉ ምሳሌ ያደርጉታል፤ ስሙ ሲነሳ ቁጣቸው እንኳን ይበርድ ነበር።

እሱ ነው እንግዲህ አንድ ጠዋት ቢሮው ጠርቶ ወንበር ስቦላቸው የክፍሉን ነገር ያነሳባቸው።

«መምህር፣ እንዳይቀየሙኝ። አሁን እኮ ስልክ አለ። ሙዚቃውን ማሰማት ነው፤ ስሙን ራሱ ይነግራል።»

«እንደዚያ ከሆነ ስልኩን ዳይሬክተር አድርገው» አሉት።

ሳቀ። ቀጥሎ የተናገረው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከበላይ መሥሪያ ቤት ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ተማሪዎቹ በፊታቸው ይፈተናሉ፤ ትምህርቱ ፍሬ እንዳለው ካልታየ ክፍሉ ተዘግቶ ሰዓቱ ለኮምፒውተር ትምህርት ይሰጣል። እትዬ ኖታ አልተከራከሩም። በተማሪዎቻቸው ይተማመኑ ነበር። «ይምጡ» ብለው በሩን ከኋላቸው ወረወሩት።

ገምጋሚዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ከረባት ያሰረ ሰውዬና የምትጽፍ ሴት። ዳይሬክተሩ አጠገባቸው ተቀመጠ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየወጡ በካርቶኑ መስኮት አዩ፤ አንድ በአንድ መለሱ። የሐዘን ሰልፉን ሙዚቃ አወቁት፣ የቫዮሊኑን ኮንሰርቶ አወቁት፣ የአራቱን ባለ ክር መሣሪያዎች ሥራ ከነክፍሉ ተናገሩት። መጨረሻ ላይ ክላሪኔት የምትጫወተው ልጅ መጣች፤ ጓደኞቿ «ቀጮ» ይሏታል። ቀጮ ለአፍታ አይታ የአንድ ሲምፎኒ ዘገምተኛ ክፍል መሆኑን ከነአቀናባሪው ጠራች። ሰውዬው ከረባቱን ላላ አድርጎ «ግሩም ነው» አለ። እትዬ ኖታ ልባቸው በኩራት ሞላ፤ ፊታቸው ላይ እንዳይታይባቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

በዚህ መሀል ዳይሬክተሩ ተነሳ። ከቦርሳው ርእስም ስምም የሌለባቸው ንጹህ፣ ነጭ፣ አዲስ የታተሙ ወረቀቶች አውጥቶ፣ ሳይመርጥ አንዱን ስቦ ካርቶኑን ላዩ ላይ አደረገበት።

«አሁን ካያችኋቸው ሥራዎች አንዱ ነው» አለ። «የኅትመቱ ዓይነት ብቻ ነው የተለየው። ማን ይመልሳል?»

አንዱ አጎንብሶ ቀና አለ። ሌላው ጎኑ ያለውን አየ። ቀጮ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። እትዬ ኖታ ከቆሙበት ሆነው አዩት፤ ገና ዓይናቸው ሲያርፍበት የዋሽንቱ ዜማ ከቼሎዎቹ በላይ ሲነሳ ተሰማቸው። ልጅቷ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ በስሙ የጠራችው ሲምፎኒ ነው። ያው ገጽ፣ ያው መስመር።

«ምን ነካችሁ?» አሉ። ደማቸው ፈላ። «ዓይናችሁ ታወረ? አሁን ከጠራችኋቸው አንዱ አይደለም እንዴ?»

ቀጮ መሬት መሬት አየች። «መምህር፣ እኛ እኮ ኖታውን አይደለም የምናየው።»

«ታዲያ ምኑን ነው?»

«እድፉን።»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘረገፈችው። ጥጉን ምስጥ የበላው የሐዘን ሰልፉ ነው። የሽቦ ዝገት ያለበት ኮንሰርቶው ነው። ቅባት የነካው አውራ ጣት የታተመበት የአራቱ ሥራ፣ የቀለም ጠብታ ያለበት ሲምፎኒው። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ምልክት አለው፤ ካርቶኑ የቱንም ቢሸፍን በመስኮቷ አንድ እድፍ አይጠፋም። ታላላቆቻቸው ነገሯቸው፣ እነሱም ለታናናሾቻቸው ይነግራሉ።

እትዬ ኖታ ቆመው ቀሩ። እድፉን አይተውት አያውቁም። ወረቀቱን ባዩ ቁጥር የሚሰማቸው ሙዚቃው ስለነበር ወረቀቱ ራሱ ተሰውሮባቸው ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት ሙዚቃ አስተማርኩ ሲሉ ለካ ቆሻሻ ሲያስጠኑ ነበር።

«ማነው ይህን የጀመረው?»

የቀጮ ዓይን ሳታስበው ወደ እንግዶቹ ወንበር ሄደ። «እኔ እንጃ፤ ከዳይሬክተራችን ጊዜ ጀምሮ ነው ይባላል።»

ዳይሬክተሩ ፊቱ ደም መሰለ። «የልጅነት ነገር ነው መምህር...»

አሁን ነው ነገሩ የገባቸው። ንጹህ ወረቀት ማምጣት እንዳለበት ያወቀው ለዚህ ነው። ጉድጓዱን ራሱ ቆፍሮት ስለነበር የት እንዳለ ያውቃል። ለዘመናት ሲለምኑት ጠፍቶ የኖረው አዲስ ኖታ፣ «በጀት የለም» የተባለለት ወረቀት፣ እሳቸውን በሰው ፊት ለማዋረድ ሲሆን ተገኘ። ከሁሉ በላይ ግን ያቃጠላቸው ኩራታቸው ነው። ያ ምሳሌ ያደረጉት ልጅ፣ ያ ከማጎንበሱ የሚመልሰው፣ አንድም ቀን አንብቦ አያውቅም።

«ና፣ ቁጭ በል» አሉት፤ የተማሪ ወንበር እያሳዩት።

«መምህር፣ እንግዶች አሉ።»

«እንግዶቹም ይዩ። ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ወረቀቱን አየ። ላቡን ጠረገ። አንድ ስም ጠራ፤ አልነበረም። ሌላ ጠራ፤ እሱም አልነበረም። ሦስተኛ ሳይሞክር ወረቀቱን ገፋ አደረገው። እትዬ ኖታ ወደ ገምጋሚዎቹ ዞሩ፤ አሁንስ የትምህርቱ ጥቅም ፀሐይ ሞቆታል ብለው።

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ መምህር፣ ዳይሬክተሩ ከዚህ ነው የተመረቁት?»

«ከዚህ ነው።»

«በጥሩ ውጤት?»

«በማዕረግ።»

«ኦርኬስትራም መርተዋል።»

«መርቷል።»

«እንግዲያውስ» አለ ሰውዬው ትሕትና በተሞላ ድምፅ፣ «ሰው ይህን ችሎታ ሳይኖረው እዚህ ደረጃ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ አያስፈልግም።»

ሴትዮዋ ጻፈች።

«እዚህ የደረሰው እኮ እኔን አታሎ ነው» አሉ እትዬ ኖታ።

«መድረሱ ግን ደርሰዋል» አለ ሰውዬው።

ዳይሬክተሩ ከተማሪው ወንበር ሳይነሳ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። ይህን ራስ መነቅነቁን እትዬ ኖታ እስከ ዕለተ ሞታቸው አይረሱትም። ከዚያ ተነሳ፣ ኮቱን አራገፈ፣ ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ እንደማይኖር ለተማሪዎቹ ተናገረና እንግዶቹን አስከትሎ ወጣ።

እትዬ ኖታ ተማሪዎቹን ሊያባርሯቸው አፋቸውን ከፈቱ። ቀጮ ቀደመቻቸው። ዳይሬክተሩ ትቶት የሄደውን ነጭ ወረቀት ይዛ ቆማለች።

«መምህር፣ በንጹሁ ወረቀት ላይ ያለው የትኛው ነው?»

«አልነግርሽም።»

«እሺ።»

«ዝፈኚው።»

በዚያ ክፍል ማንጎራጎር ክልክል ነበር፤ ደንቡን ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ቀጮ ተርበተበተች። ከታችኛው መስመር እንድትጀምር በጣታቸው አሳዩዋት። ጀመረች፣ ተሳሳተች። «ዝቅ ነው የሚለው፤ ምን አስወጣሽ?» ብለው ተቆጧት። እንደገና ጀመረች። ቼሎ የሚጫወተው ልጅ ከጎኗ ቆሞ ታችኛውን ተቀበላትና እሷ ወደ ላይኛው ተሻገረች። እየተደናቀፉ፣ እየቆሙ፣ እየተመለሱ ሄዱ። ሌሎቹም ከበቧቸው። ዜማው ቀስ በቀስ ከቼሎው በላይ ተነሳ። ይኼኔ ቀጮ በድንገት ዝም አለች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ቅድም የጠራሁት ነው» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «መምህር፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚያምረው?»

እትዬ ኖታ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብለው መልሰው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ» አሏት፣ «በምን የምቆጣ መስሎሽ ነበር?»