«ግቡ!» የሚል የጠፋበት በር

በራችን ሲንኳኳ፣ አጎቴ ጋሼ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ «ግቡ!» ይሉ ነበር። የካንሰር መድኃኒት ሲጀምሩ ነርሷ፣ «መድኃኒቱ በሽታ የመከላከል አቅማቸውን ያዳክመዋል፤ የሚያስል ሰው እንዳታስገቢ» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ በፌስታል ብርቱካን ይዘው እያሳሉ መጡ።

«እትዬ፣ ዛሬ ሰው አይገባም ተብሏል» አልኳቸው።

ጋሼ ከአልጋቸው ላይ ሰሙኝ። «ጠያቂ ከደጅ ይመለሳል? እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ? ግቡ!»

አፈርኩና ከፈትኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼን ትኩሳት ያዛቸው፤ በዚያው ቀሩ። በእትዬ ሳል ይሁን በሌላ፣ ሐኪሞቹም አላወቁም። ምነው ያን ቀን ዓይኔን በጨው ታጥቤ በመለስኳቸው!

ዛሬ አርባቸው ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እትዬ ግን ደጁ ላይ ቆመው፣ «ግቡ» እስኪሏቸው ይጠብቃሉ።

አፌ እምቢ አለኝ።