የጋሽ ሸምሱ ሁለት ዓይነት ትምህርት

ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ የሚሰማው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ልጄ ሰሚራ አዲስ አበባ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርታ፣ ስልኳን ቴርሞሱ ላይ አስደግፋ ራሷን ስታስተዋውቅ ትውላለች። ትናንት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "እማ፣ ሲጠይቁኝ ዓይናቸውን ልይ ወይስ አንገቴን ልድፋ?" አለችኝ። ጥያቄዋ ጋሽ ሸምሱን አስታወሰኝ።

ጋሽ ሸምሱ ሮቤ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። በጉብዝናቸው ጊዜ ቱሪስት ወደ ሳነቴ ተራራ የሚያመላልሱ ሾፌር ስለነበሩ እንግሊዝኛቸው የተመሰከረለት ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት፣ ዲንሾ አጠገብ የተከፈተ ሎጅ አንዲት እንግዳ ተቀባይ ፈለገ። ከሰፈራችን ለቃለ መጠይቅ የተጠራነው እኔና የጋሽ ሸምሱ ልጅ ሐያት ነን። እኔ ካላለፍኩ ቆላ ወርጄ፣ አንገቱ በምትባል ከተማ አክስቴ ዘንድ ሱቅ እንድጠብቅ ተወስኗል። የራሴን ደሞዝ፣ የራሴን ክፍል እያለምኩ የሰው ሱቅ መጠበቅ ሞት ሞት ሸተተኝ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ "ኑሪያ፣ ከሰዓት ከሰዓት ብቅ በይ፣ እንግሊዝኛውን ላስጠናሽ" ያሉኝ። ያውም በነጻ! አባቴ ይህን ሲሰማ የያዘውን ቆሎ መቆርጠም አቆመ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የገዛ ልጁ እያለች አንቺን? ሰውዬው ምን ፈልጎ ነው? ሂጂ፤ ያለሽን ሁሉ ግን እንዳታምኚ።"

የገብስ ውቂያ ወቅት ነበር፤ ነፋሱ ከጋሪዎቹ ላይ ገለባ እያነሳ ሱቁ ውስጥ ይበትነዋል። ጋሽ ሸምሱ በእንጨት ሜትራቸው ባንኮኒውን መታ መታ እያደረጉ ይጠይቁኛል።

"ስለ ራስሽ ንገሪን ሲሉሽ አባትሽንና አያትሽን ተያቸው። ታታሪ ነኝ፣ ጎበዝ ነኝ በይ። ዓይናቸውን ትክ ብለሽ እያየሽ!"

ደነገጥኩ። በእኛ ዘንድ ማን ነሽ የተባለች ልጅ ከአባቷ ጀምራ እስከ ጎሳዋ ትቆጥራለች። ራሷን ካሞገሰች መሳቂያ ትሆናለች፤ ታላቅ ሰው ላይ ዓይኗን ከተከለች ደግሞ አሳዳጊ የበደላት ትባላለች። አሃ፣ አልኩ በሆዴ፣ ባለጌ አስመስለው ሊልኩኝ ነው። የሐያት እናት የምታቀርብልኝን ጩኮ፣ ያን በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት እንኳ፣ ሳልቀምስ እመልስ ጀመር።

በቃለ መጠይቁ ዋዜማ ከሰዓቴ ቀድሜ ደረስኩ። በጓዳው መጋረጃ ክፍተት ሐያትን ሲያስጠኗት አየሁ። አንገቷን ደፍታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በእንግሊዝኛ አባቷንና አያቷን ትቆጥራለች።

"ማሻአላህ! ልክ እንደዚህ!" አሏት።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ? በማግስቱ የዲንሾ ሚኒባስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ የእኔን ትምህርት ጥዬ የሐያትን ስሸመድድ ሄድኩ። ጠያቂዋ ሴትዮ ስለ ራሴ እንድናገር ስትጋብዘኝ፣ ጫማዬን እያየሁ ስለ አባቴ ጀመርኩ። ቅድመ አያቴ ጋ ሳልደርስ አመስግና አሰናበተችኝ። ሐያትም ገብታ ብዙ አልቆየችም። ሥራውን አንዲት የጎባ ልጅ ወሰደችው።

ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ያስጠናሁሽን አላልሽም እንዴ?"

"ሐያትን ያስጠኗትን ነው ያልኩት። በመጋረጃው አይቻችኋለሁ" አልኳቸው በንዴት።

ሜትራቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ።

"ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት፣ ኑሪያ። ካለፈች ዲንሾ ልትኖር ነው። አትሂጂ ብላት ትጠላኛለች። ወላሂ፣ አንቺ እንድታልፊ ነበር የፈለግኩት። አንቺ ካለፍሽ እሷ እቤቷ ትቀራለች።"

ተንኮል መኖሩን በትክክል ጠርጥሬ ነበር፤ የሳትኩት ለማን እንደተጠመደ ነው። አክስቴ ዘንድ አንገቱ ወረድኩ፤ ወጣትነቴም እዚያ ሱቅ ውስጥ አለቀ። ጋሽ ሸምሱን ስንት ዓመት እንደረገምኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። በራሱ ልጅ ላይ እንዲህ የሚያደርግ አባት ምን ዓይነት ሰው ነው እል ነበር።

ትናንት ግን ሰሚራ ስትጠይቀኝ፣ መልሱን እያወቅኩ አንገትሽን ድፊ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እኔም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ሩቅ ነው። መልሴ ሲዘገይባት ስልኩን ትታ በጥርጣሬ አየችኝ።

"እማ፣ ምን እያሰብሽ ነው?"

"ዓይናቸውን እያየሽ ተናገሪ" አልኳት። "ስለ አያትሽም አንድ ቃል እንዳይወጣሽ።"

ይህን ስላት ግን የእሷን ዓይን ማየት አልቻልኩም።