ጽጌ የምትጠራቸው ስሞች

ጽጌን በወሬ ብቻ የሚያውቋት ሰዎች ትልቅ ወንጌላዊ ትመስላቸዋለች። ወላሂ አይደለችም። ካርቱም፣ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር፣ መዳም ወፋ ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብስ የተኮሰች ሴት ናት። እኔ ማሩ ከጦርነቱ በፊት የጎረቤቱ ቤት ዘበኛ ስለነበርኩ አውቃታለሁ። ስትተኩስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ ከራሷ ጋር የምትጣላ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የመጣው በግሩም ነው። ግሩም እዚያው ካርቱም ያደገ የስደተኛ ልጅ ነው። ስዊድን ገባና በአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ልትከል አለ፤ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር በተከራየናት ሳሎን የሚሰበሰበው ኅብረታችንም ሊደግፈው ተስማማ። እኔማ ሳቅኩ። ወንጌሉን ያመጡልን የስዊድን ሚሲዮኖች አይደሉ እንዴ? ለቀባሪው አረዱት! ጽጌ ግን የጎረቤቶቹን ስም ላክልኝ አለችው። እዚያ አገር በር ላይ ስም ይጻፋል። ሠላሳ አራት ስም ላከላት፤ ካውያው ካለበት ግድግዳ ላይ ለጠፈችውና አንድ ሸሚዝ በተኮሰች ቁጥር ለአንድ ስም ትጸልይ ጀመር።

ስምንት ወር አለፈ፤ የግሩም ጸሎት ቤት ባዶ ነው። ሽማግሌያችን ጋሽ ሸዋንግዛው ሲመረምሩ ጉዱ ወጣ፤ ለካ ልጁ ጉባኤ የሚጠራው ዓርብ ጠዋት ነው። ካርቱም ዕረፍቱ ጁምዓ ስለሆነ ግሩም ዕድሜውን ሁሉ ጌታን ያመለከው ዓርብ ዓርብ ነበር። ስዊድን ሄዶም በለመደው እጁ «ዓርብ» ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ሰው ሁሉ ሥራ በሚገባበት ቀን! ማንም ስላልመጣ ማንም አላረመውም። ጋሽ ሸዋንግዛው ተናደው ድጋፉ ይቁም አሉ፤ እኔም አገዝኳቸው። ጽጌ ግን አለቀሰች። ይሄ በር ከተዘጋ እነዚያን ሰዎች ማን ያስታውሳቸዋል ብላ የአንድ ወር ጊዜ ለመነች። ኢንሻላህ አሏት፤ ልባቸው ግን ቆርጦ ነበር።

በአራተኛው ዓርብ ገና መዝሙር ላይ እያለን ግሩም ደወለ። አንዲት አሮጊት መጥተዋል፤ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሴት ናቸው፤ ጉኒላ ይባላሉ። እሁድ እሁድ ልጃቸው ይጠይቃቸዋል፤ ዓርብ ግን ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ ብቻቸውን ናቸው። ማስታወቂያውን አይተው ገቡ።

ጽጌ ስሙን ስትሰማ ስልኩን ከጋሽ ሸዋንግዛው እጅ ነጠቀች። ጉኒላ ከሠላሳ አራቱ አንዷ ናቸው። ግሩም ጽጌ ስትጸልይላቸው መቆየቷን በስዊድንኛ ነገራቸው፤ የመለሱትንም ተረጎመልን።

«የእኔን ስም የሚጠራው የሐኪም ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ነበር» አሉ።

«እኔ በየቀኑ ጠርቼዎታለሁ፣ እማማ» አለች ጽጌ።

በልብስ መተኮሻ ክፍል የተባለ ነገር ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሲደርስ በጆሮዬ ሰማሁ፤ የሳቅኩበትን አፌን ይዤ ቀረሁ። ጋሽ ሸዋንግዛው ግሩም ይቀጥል፣ ዓርቡንም እንዳይነካው አሉ።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል ጉኒላ አንድ ፈቃድ ጠየቁ። ከልጅነታቸው ወዲህ ጸልየው አያውቁም፤ አሁን ግን ለጽጌ መጸለይ ይፈልጋሉ። ድምፁን ከፍ አደረግነው፤ ሳሎን ሙሉ ሰው ተነሥቶ ቆመ። ሴትዮዋ በስዊድንኛ እየተደናቀፉ ጸለዩ። ከጸሎቱ የገባን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ደጋግመው «ጽጌ» ይሉ ነበር።