ማኪያቶ ካልኩሽ ግዢው

እኔ የወደድኩትን ነገር መደበቅ አልችልም። ልጅ ሆኜ እናቴ አትክልት ተራ ስትወርድ እኔን አታስከትልም ነበር፤ «ያንቺ ፊት ሽንኩርት ያስወድዳል» ትላለች። ስለዚህ ፒያሳ፣ አንድ ቤት ውስጥ የድሮ ቤዝ ጊታር እንደሚሸጥ የሰማሁ ቀን ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። አምስት ኪሎ አካባቢ ጊታር የሚጠግን ጓደኛ አለኝ፤ እሱን ለምኜ ይዤው ሄድኩ። ዓመታት በሰው ቤዝ ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ። ይሄኛው ቢያመልጠኝ እንደማለቅስ አውቄዋለሁ።

ታክሲ ውስጥ ተማከርን። ዕቃውን አገላብጦ ካየው በኋላ ደህና ከሆነ «ማኪያቶ አማረኝ» ይላል፤ እኔም እገዛዋለሁ። ችግር ካለበት «ሻይ» ይላል፤ ያኔ አመስግነን እንወጣለን። ከኛ በላይ አራዳ የለም ብለን ተሳሳቅን። እስከዚያው የኔ ሥራ ፊቴ እንዳያሳብቅ ኮርኒስ ማየት ብቻ ነው።

ባለቤቱ በወጣትነታቸው በየሆቴሉ ቤዝ ሲጫወቱ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው ነበር የጠበቁን። ከአልጋ ሥር በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ስበው አውጥተው ሲገልጡት ኮርኒሱን ረሳሁት። ቀይ ነው፤ አውራ ጣታቸው ሲያርፍበት የኖረው ቦታ ላይ ቀለሙ አልቆ እንጨቱ ወጥቷል። እንዳልነካው እጆቼ ላይ ተቀመጥኩባቸው።

ጓደኛዬ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ።

«አንገቱ እንዴት ነው?» አልኩ፣ ግድ እንደሌለው ሰው።

«እንደ ባለቤቱ ነው ልጄ። ደንዳና» አሉ ጋሼ።

ከዚያ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ብረቶች አንድ በአንድ እየተጫነ ክሮቹን መታ፤ የሚንጣጣ ድምፅ ካለ ብሎ ጆሮውን ጣል አደረገ። የጀርባውን ብሎን ፈትቶ ሽቦዎቹን አየ፣ አልፎ ተርፎም አሸተታቸው። ጥግ ያለው ስፒከር ላይ ሰክቶ የድምፁን ቁልፍ ሲያዞረው ክርርር አለ። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። «አቧራ ነው» አሉ ጋሼ። ጓደኛዬ ቁልፉን መልሶ አዞረው። ፊቱ ላይ አንድም ነገር አይነበብም፤ እንዲህ ያለ ፊት ስላለው ቀናሁበት።

በመጨረሻ ጊታሩን አስቀምጦ እጁን ጠረገ። ጋሼም «ከታች ካለው ካፌ ያመጡልናል። ምን ትጠጣለህ ልጄ?» አሉት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ሻይ» አለ።

አንገቱ ጎብጦ ይሆናል፣ ሽቦው ተነካክቶ ይሆናል፣ ብቻ አልቋል። ተነሳሁና «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እናስብበታለን» አልኩ። «እናስብበታለን» ያለ ሰው እንደማይመለስ ፒያሳ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ጋሼ ጋቢውን አንስተው ጊታሩን መጠቅለል ጀመሩ። ጓደኛዬ ቅንድቡን ያነሳል፣ ይጥላል፣ ያስላል። አዘነልኝ ብዬ ይበልጥ ከፋኝ።

«ማኪያቶ!» አለ በመጨረሻ። «ማኪያቶ ነው ያልኩት!»

ጋሼ መጠቅለሉን ትተው ቀና አሉ። «ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ጋሼ።»

«አትጾምም?»

«እጾማለሁ፣ ጋሼ። ቡና ደግሞ ለጨጓራዬ አይስማማኝም።»

ያኔ ገባኝ። ሁለታችንም ጾመኞች፣ ሁለታችንም ከነብልጠታችን፣ በጾም ቀን ወተት ያለበትን ነገር ምልክት አድርገናል። ሳቄ መጣ፤ ላፍነው ብሞክር በአፍንጫዬ ወጣ። ጋሼ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩና ነገሩን እኔ ሳልናገር ደረሱበት።

«እኛ ድሮ ዕቃ ልንገዛ ስንሄድ ‹ዝናብ ሊመጣ ነው› ነበር የምንባባለው» አሉ። «አንዴ ሐምሌ ላይ ሄድንና ጉድ ሆንን።»

ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሲበርድላቸው ግን ጊታሩን ከጋቢው አውጥተው ለኔ ሰጡኝ።

«እናንተ እሱን አያችሁት። እኔ ደግሞ አንቺን ልይ። ባለፈው አንድ የካፌ ባለቤት ግድግዳ ላይ ልስቀለው ብሎ መጥቶ ነበር፤ መለስኩት።»

ይሄንን አላሰብኩበትም ነበር። ለካ የምፈተነው እኔ ነኝ። በባቲ ቅኝት ጀመርኩ፤ ገና ከመግቢያው ሳትኩ። ጋሼ አልተቆጡም፤ ግራ እጃቸው ብቻ ጉልበታቸው ላይ መጫወት ጀመረች። ከኔ ትቀድማለች። የጀመርኩትን ትቼ እሷን ተከተልኳት። ክሮቹ ወፍራም፣ ድምፁ ሞቅ ያለ፤ ደስታዬ ሆዴ ድረስ ተሰማኝ፣ ጥርሴም አልከደን አለኝ።

ድንገት እጃቸው ቆመች። ቀለበት ጣታቸው አልታጠፍ ብላቸዋለች።

«እዚህች ጋ ጣቴ መድረስ ካቆመች ቆየች» አሉ። «አንቺ ድረሺልኝ።»

ደረስኩላቸው። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ጋሼ ተነስተው የጊታሩን ማንገቻ በእኔ ቁመት ልክ ያሳጥሩት ጀመር። ጥርሴ እንደተገለጠ ነው፤ ዋጋውን ገና አልጠየቅኩም ነበር። ጓደኛዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።